ሁለት ጉዞዎች ወደ መቅደላ
ስለ አማካይ ፍጥነት የቀረበ ታሪካዊ ሐተታ

በስማዳ፣ በወገዳ ከተማ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ የሒሳብ መምህራችን አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጻፉልን። አንድ ገበያተኛ 12 ኪሎ ሜትር ወደሚርቅ ገበያ ቁልቁል ሲወርድ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ሲመለስ ግን በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ይራመዳል። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? እኔም ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሬ ለሁለት በማካፈል «አራት ተኩል» ስል መለስሁ። መምህሩም «ሰውየው በዳገቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደ ደከመ ረሳህበት» አሉኝ። ቁልቁለቱ 2 ሰዓት፣ ዳገቱ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ 24 ኪሎ ሜትር ለ6 ሰዓት ሲካፈል መልሱ 4 ይሆናል። አማካይ ፍጥነት የፍጥነቶች አማካይ አይደለም፤ የጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ማካፈያ ነው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ መሐንዲስ ሆኜ የአገሬን ታሪክ ሳነብ፣ ከወገዳ በስተሰሜን ባለው በጋይንት ምድር ያለፈ አንድ ጉዞ ይህንኑ የተማሪነት ስሕተቴን አስታወሰኝ። ይኸውም ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያደረጉት ጉዞ ነው። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደዚያው አምባ ይገሰግስ ነበር። አንዱ ከምዕራብ፣ ሌላው ከሰሜን ወደ አንድ ነጥብ የሚጓዙ ሁለት አካላት! ለአንጻራዊ እንቅስቃሴ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

በቅድሚያ ቍጥሮቹን እንመልከት። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው የተነሡት መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ መቅደላ ግርጌ የደረሱት በመጋቢት አጋማሽ ነው፤ ይህም 165 ቀን ገደማ ይሆናል። የመንገዱ ጠመዝማዛነት ሁለቱን ጉዞዎች እንዳያዛባብን ርቀቱን በካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ብንለካ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለሆነም የንጉሡ አማካይ ፍጥነት በቀን 900 ሜትር ገደማ ነበር። በሌላው ወገን ጄኔራል ሰር ሮበርት ናፒየር ጥር 17 ቀን ከዙላ ተነሥተው ሚያዝያ 3 ቀን በመቅደላ ግርጌ፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ ተዋጉ። በቀጥታ መስመር 430 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ርቀት በ76 ቀን ፈጸሙት ማለት ነው፤ በቀን 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ። እንግሊዞች ከስድስት እጥፍ በላይ ፈጠኑ።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ደርሶ መጽሐፉን ያጥፍና «አንዱ ሠለጠነ፣ ሌላው ዘገየ» ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ግን የእኔን የአራት ተኩል መልስ ይመስላል፤ ሦስት ነገሮችን ሳይጠይቅ ያለፈ ነውና።

አንደኛው ጥያቄ ሰዓቱ መቈጠር የጀመረው መቼ ነው የሚል ነው። የእንግሊዝ የቅኝት ቡድን ዙላ የደረሰው ጄኔራሉ ከመምጣታቸው አስቀድሞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1860 ዓ.ም. ነበር፤ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ከተነሡ 11 ቀን ብቻ ቈይቶ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የመርከብ መጠጊያው፣ የባቡር ሐዲዱና ወደ ሰንዓፈ የሚያወጣው መንገድ ተሠሩ። የእነዚህን ሠራተኞች ጊዜ ብንጨምር ጉዞው 76 ቀን መሆኑ ቀርቶ 172 ቀን ይሆናል፤ ፍጥነቱም በቀን ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። የስድስት እጥፉ ብልጫ ሦስት እጥፍ እንኳ አልሞላም።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ተጭኖ ነበር የሚል ነው። እንግሊዞች ከባድ መድፎቻቸውን ከሕንድ ባመጧቸው 44 ዝሆኖች ላይ ጫኑ። ንጉሡ ግን በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለ መድፍ በሠረገላ ላይ አድርገው በሰው ጉልበት ያስጐትቱ ነበር። በጋይንት፣ በደብረ ዘቢጥና በዋድላ ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ስለዚህ በየቀኑ አስቀድሞ መንገዱ ይሠራል፤ ዐለቱ በባሩድ ይፈነዳል፤ ድንጋዩ ይነሣል፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደሚጠልቀው ወደ ጅጣ ሸለቆ መውረዱና እንደገና ወደ ደላንታ መውጣቱ ብቻውን የአንድ ታላቅ የሥራ ተቋራጭ ሥራ ነበር። እንግዲህ በቀን 900 ሜትር የምንለው የእግረኛ ፍጥነት ሳይሆን የመንገድ ሥራ ፍጥነት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ በማን መንገድ ላይ ተሄደ የሚል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው። የእንግሊዝ ጦር ዋድላ ላይ ቤተ ሆር ሲደርስ ንጉሡ ካሠሩት መንገድ ጋር ተገናኘ፤ ከዚያም የጅጣን ገደል በእርሱ ላይ ወርዶ ወጣ። የዘገየው ተጓዥ የፈጠነውን ተጓዥ አፈጠነው ማለት ነው። በመማሪያ መጻሕፍታችን ሁለቱ ባቡሮች አንዱ የሌላውን ሐዲድ አይነኩም፤ በእውነተኛው ዓለም ግን የአንዱ ድካም በሌላው ፍጥነት ውስጥ ተቈጥሮ ይገኛል።

ማን ቀድሞ ደረሰ ለሚለውም ታሪክ መልስ ሰጥቷል። እንግሊዞች መጋቢት 4 ቀን ከሕንጣሎ ተነሥተው እስከ አሮጌ ድረስ 215 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ29 ቀን ተጉዘዋል፤ በቀን 7.4 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ንጉሡ መቅደላ ግርጌ ሲደርሱ ለጦርነቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶ ስለ ነበር፣ በዚህ ስሌት ጠላታቸው ገና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። በውድድሩ ቀዳሚው ንጉሡ ናቸው። ይሁን እንጂ ቀድሞ መድረስ ድል አልሆነላቸውም፤ ሚያዝያ 3 ቀን ጦራቸው ተሸነፈ፤ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ አምባው ሲሰበር ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖልም እስከ ዛሬ በመቅደላ ትገኛለች።

ስለ ድካሙ ስንናገር የሕዝቡን ድካም ማስታወስ ይገባናል። በጌምድር ከዚያ ቀደም በነበሩት ዓመታት በንጉሡ ጦር ተዘርፎና ተቃጥሎ ነበር፤ የጋይንትና የአካባቢው ገበሬም የዚያ መከራ ተካፋይ ነው። መድፉን የጐተቱት ሰዎች ስም አልተመዘገበም። በቀን 900 ሜትር የሚለው ቍጥር የእነርሱን ትከሻ አያሳይም፤ የንጉሡን ጽናት እንጂ ያንን ጽናት የተሸከመውን ሰው አይነግረንም።

ዛሬ በቻይና መሐንዲሶች የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ዘቢጥ በኩል ያልፋል፤ ንጉሡ ወራት የፈጀባቸውን የዚህን አቅጣጫ ጉዞ መኪና በሰዓታት ይጨርሰዋል። የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ! በየዓመቱ በምናቀርበው ሪፖርት ውስጥ «በቀን ይህን ያህል ሜትር ተሠራ» ብለን እንጽፋለን፤ አንዱን ፕሮጀክትም ከሌላው ጋር እናወዳድራለን። ከማወዳደራችን በፊት ግን ሰዓቱ ከመቼ እንደ ተቈጠረ፣ ምን ሸክም እንደ ተነሣና አስቀድሞ መንገዱን ማን እንደ ጠረገ በሪፖርታችን ላይ እናስፍር። ያን ያላደረግን እንደ ሆነ፣ ገበያተኛውን በቁልቁለቱ ብቻ መዝነነው ዳገቱን ረሳንበት ማለት ነው።