የአየር ትንበያ መተግበሪያና ሕመምተኛ ያለበት ቤት፦ በአዳይቱና በአዋሽ ሸለቆ ለከባድ ዝናብና ለጎርፍ መዘጋጀት

ባጭሩ

• በአዳይቱ ሰማዩ ጠርቶ እያለ የአዋሽ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ የራስዎን ከተማ ትንበያ ብቻ ማየት አይበቃም።
• የስልክ መተግበሪያ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ቀድሞ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። በትክክል መቼና የት እንደሚዘንብ ግን እርግጠኛ ሆኖ አይናገርም።
• ሕመምተኛ ላለበት ቤት ዋናው ዝግጅት መድኃኒት፣ ንጹሕ ውሃ፣ የክትትል ካርድና መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት መንቀሳቀስ ነው።

ትንበያ ለሕመምተኛ ለምን ያስፈልጋል?

ጤነኛ ሰው መንገድ ለሁለት ቀን ቢዘጋበት ይቸገራል እንጂ ብዙ ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋውም። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጀመረ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን ሁለት ቀን መቋረጡ ይጎዳዋል። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመውለጃዋ ቀን የደረሰ እናትም ወንዙ ከሞላ በኋላ ምጥ ቢይዛት ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት መኪና ላያልፍ ይችላል።

ከአዳይቱ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል የሚሄድ ሕመምተኛ ሚሌን፣ ሎግያንና ሰመራን አልፎ ነው የሚደርሰው። በመንገዱ ላይ የሚሌና የሎግያ ወንዞች አሉ። ሁለቱም በክረምት ከወሎ ደጋ ብዙ ውሃ ይዘው ይወርዳሉ።

ጎርፉ ከየት ይመጣል?

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ቆቃ ግድብን አልፎ፣ በአፋር በኩል 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በመንገዱ ላይ ከሸዋና ከወሎ ተራሮች የሚወርዱ ገባር ወንዞች ይቀላቀሉታል። ከነዚህ ውስጥ ከሰም፣ ከበና፣ አታዬና ቦርከና ከአዳይቱ በላይ ይገባሉ። ሚሌና ሎግያ ደግሞ ከአዳይቱ በታች ስለሚገቡ ይበልጥ የሚያሰጉት የሚሌን፣ የዱብቲንና የአሳይታን ሰው ነው።

አደጋው ከፍ የሚለው በሐምሌና በነሐሴ፣ አፋሮች ካርማ በሚሉት የዝናብ ወቅት ነው። ደጋው በተከታታይ ሲዘንብበትና ግድቦች ሞልተው ውሃ ሲለቀቅ ቆላው ይጥለቀለቃል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታና በሌሎች ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ጎርፍ ደግሞ የመጣው በሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ማታ ከመተኛት በፊት ትንበያ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የትኞቹን መተግበሪያዎች ልጠቀም?

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት፦ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት ትንበያ እንዲሁም ማስጠንቀቂያ ያወጣል። በድረ ገጹና በማኅበራዊ ገጾቹ ያገኙታል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ይነገራል።

ዩር፦ የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ነጻ መተግበሪያ ነው። የየትኛውንም ከተማ የሰዓት በሰዓት ትንበያ በቀላል ሠንጠረዥ ያሳያል። ብዙ ካርድ አይበላም፤ ኔትወርክ ደካማ ለሆነበት ቦታ ይስማማል።

ዊንዲ፦ የዝናብን፣ የነፋስንና የደመናን እንቅስቃሴ በካርታ ያሳያል። ከሳተላይት የተነሣ ምስልም ስላለው ደመናው ወደየት እየሄደ እንደሆነ ያዩበታል። ካርታው ኢንተርኔት ስለሚፈጅ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ይክፈቱት።

የጎግል ፍለድ ሀብ፦ የወንዝ ከፍታን እስከ ሰባት ቀን ቀድሞ ይተነብያል። ካርታውን ከፍተው በአዋሽ ላይ ለአካባቢዎ ቅርብ የሆነ ምልክት መኖሩን ይፈልጉ።

በመተግበሪያው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጡ። አዳይቱ ያለ ሰው ከአዳይቱ ሌላ ከሚሴን፣ አታዬንና ደብረ ሲናን ቢጨምር ከላይ የሚመጣውን ያያል። ወደ ዱብቲ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ባቲንና መርሳን ይጨምር፤ የሚሌና የሎግያ ውሃ ከዚያ ወገን ይመጣልና።

ቁጥሮቹን እንዴት ላንብብ?

የዝናብ መጠን፦ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ከባድ ዝናብ ይባላል። በከሚሴና በደብረ ሲና ለሁለት ሦስት ቀን ተከታታይ ይህን ያህል ካዩ፣ አዳይቱ ላይ ፀሐይ ቢሆንም ይዘጋጁ።

መቶኛ፦ «60 በመቶ» የሚለው የዝናቡን ብርታት አያሳይም፤ የመዝነቡን ዕድል ነው። ትንሽ መቶኛ ያለው ዝናብም ከመጣ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል።

ነፋስ፦ መተግበሪያዎች ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ። አንዱ አማካይ ፍጥነት ነው። ሌላው «ገስት» የሚባለው ድንገት የሚነሣው ነው። የሰሌን ቤትና የቆርቆሮ ጣሪያ የሚነቅለው፣ አቧራውንም የሚያነሣው ሁለተኛው ስለሆነ እሱን ይመልከቱ።

ሰዓት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መተግበሪያው 15:00 ካለ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 03:00 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አንዳንዱ ደግሞ «ዩቲሲ» በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ያሳያል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ 3 ሰዓት ይጨምሩና ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት።

ትንበያው የሚሳሳተው መቼ ነው? ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሣ ነጎድጓዳማ ዝናብ ከትንበያ ያመልጣል። ከሰባት ቀን በላይ ያለውን ትንበያ እንደ አዝማሚያ ብቻ ይያዙት። ሁለት መተግበሪያዎች ከተለያዩ የከፋውን ይዘው ይዘጋጁ። የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም የወረዳው አስተዳደር «ከወንዝ ዳር ተነሡ» ካለ ስልክዎ የሚለውን ትተው ይነሡ።

ትንበያ አይቼ ምን ላድርግ?

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ሲቀር፦
• የቀረውን መድኃኒት ይቁጠሩ። ከሁለት ሳምንት በታች ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደው ቀጠሮዎ እንዲቀደም ይጠይቁ። «መንገድ ሊዘጋ ይችላል» ብለው ምክንያቱን ይንገሩ።
• የመውለጃ ወሯ የገባ እናት ካለች ስለ እናቶች ማቆያ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ይነጋገሩ።
• የኩላሊት እጥበት ያለበት ሕመምተኛ የቀጠሮ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ከተማ ቢገባ ይሻላል።

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሲቀር፦
• መድኃኒቱን፣ የክትትል ካርዱን፣ የሐኪም ማዘዣውንና መታወቂያውን በሁለት ፌስታል አጥብቀው ያስሩ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በስልክ ፎቶ ያንሡ።
• ንጹሕ ውሃ በተከደነ ጀሪካን ይሙሉ። የውሃ ማከሚያና የኦ.አር.ኤስ እሽግ ይያዙ።
• ስልክና ፓወር ባንክ ቻርጅ ያድርጉ።
• መሄጃዎን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወስኑ። አረጋዊውን ወይም መራመድ የማይችለውን ማን እንደሚሸከም በስም ይመድቡ።

በዕለቱ፦
• ጉዞ ካለ ከጠዋት ይጨርሱ፤ ነጎድጓዱ የሚበዛው ከሰዓት በኋላና ማታ ነው።
• ከወንዝ ዳርና ከደረቅ ወንዝ መውረጃ ይራቁ፤ እንስሳትንም ያርቁ።

ስልክ የሌለው ጎረቤትስ?

በአፋር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ዜና ይለዋወጣል። ዳጉ ይባላል። መተግበሪያ ያለው ሰው ያየውን ትንበያ በዳጉ ካስተላለፈ ከኔትወርኩ ውጭ ላለው አርብቶ አደር ይደርሳል። ሲናገሩ ግን ሦስቱን አይርሱ፦ ዝናቡ የት እንደሚዘንብ፣ መቼ እንደሚጠበቅ፣ ማን እንደተናገረው። በቤቱ ሕመምተኛ ያለበትን ጎረቤት አስቀድመው ይድረሱት።

በየሕመሙ ልዩ ጥንቃቄ

የስኳር ሕመም፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በጥቅም ላይ ያለው ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የእርስዎ ዓይነት ስንት ቀን እንደሚቆይ ከወረቀቱ ላይ ያረጋግጡ። መብራት ከጠፋ ሁለት የሸክላ ማሰሮ ወስደው አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገቡ፤ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልተው በጥላ ያስቀምጡት። ኢንሱሊኑን ከውሃ በሚከላከል ፌስታል አድርገው ከውስጥ ያኑሩት። በረዶ እንዳይነካው፤ የቀዘቀዘና በረዶ የሆነ ኢንሱሊን አይሠራም። ጥርት ያለ መሆን የሚገባው ከደፈረሰ፣ ነጩ ደግሞ ከተቋጠረ አይጠቀሙት።

አስምና የሳንባ ሕመም፦ ከዝናቡ በፊት የሚመጣው ነፋስ የአቧራ ግድግዳ ይዞ ይመጣል። ትንበያው ኃይለኛ «ገስት» ካሳየ የሚነፋው መድኃኒት ከእጅዎ አይራቅ። አቧራው ሲመጣ ቤት ይግቡ፤ አፍና አፍንጫን በእርጥብ ነጠላ ወይም በማስክ ይሸፍኑ።

የደም ግፊት፣ የልብና የኩላሊት ሕመም፦ ከዝናብ በፊት ያሉት ቀናት ይወብቃሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን በጥላ ይቆዩ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ምን ያህል ውሃ መጠጣት እንዳለብዎት አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ።

የሚጥል በሽታ፣ ቲቢና ኤችአይቪ፦ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ከቤት ተፈናቅለው ሌላ ወረዳ ከደረሱ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ካርድዎን ወይም ፎቶውን ይዘው ይሂዱ።

ማዕበሉ ሲደርስ

መብረቅ አይተው ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ ቅርብ ነው። ወደ ቤት ወይም ወደ ተዘጋ መኪና ይግቡ፤ ከዛፍ ሥር አይጠለሉ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆዩ።

የሚፈስ ውሃ አይሻገሩ። ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሕመምተኛ ይዘው ቢቸኩሉም ሹፌሩን «እለፍ» አይበሉት።

ከጎርፍ በኋላ

የጎርፍ ውሃ ጉድጓዱንና ቧንቧውን ይበክላል። የሚጠጣውን ውሃ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው እስኪንተከተክ ያፍሉ፤ ወይም በማከሚያው ላይ በተጻፈው መጠን ያክሙ። ቁስል ያለበት ሰው በጎርፍ ውሃ ውስጥ አይግባ። ጎርፍ እባብና ጊንጥ ወደ ቤት ስለሚያስገባ ጫማና መኝታ አራግፈው ይጠቀሙ።

ውሃው ሲተኛ ትንኝ ይራባል። የወባ ሕመምተኛ ቁጥር የሚጨምረው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ አጎበሩን ወዲያው ይጀምሩ። በ2015 ዓ.ም. በሎግያና በሚሌ የደንጊ ትኩሳት ተከሥቶ ነበር። የደንጊ ትንኝ የሚናከሰው በቀን ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያዎችን ይክደኑ። ትኩሳት ሲይዝዎት ሳይመረመሩ ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን አይውሰዱ፤ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪን ለልብ የታዘዘልዎት ከሆነ ግን ሐኪሙን ይጠይቁ።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• እንደ ሩዝ ውሃ ያለ ብዙ ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የሽንት መጥፋት። እስኪደርሱ ድረስ አንድ እሽግ ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይስጡ።
• ትኩሳት፣ በተለይ በሕፃን፣ በነፍሰ ጡር ወይም ከድድና ከአፍንጫ ደም ጋር
• ስኳር ሕመምተኛ ላይ ትውከት፣ ፈጣን ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ
• የሚነፋው መድኃኒት ያላቃለለው የትንፋሽ ማጠር
• የእባብ ንክሻ፤ አይቁረጡ፣ አይምጠጡ፣ አጥብቀው አይሰሩ
• ምጥ፣ የደም መፍሰስ ወይም የሽርት ውሃ መፍሰስ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። የወረዳዎን አምቡላንስና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቁጥር ግን ክረምት ሳይገባ ዛሬውኑ በስልክዎ ይመዝግቡ፤ በወረቀትም ጽፈው ከመድኃኒቱ ጋር ያስቀምጡት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ዕውቀት የቀረበ ነው። የመድኃኒት መጠን ለመቀየር ወይም ለማቆም ሁልጊዜ የሚከታተልዎትን የጤና ባለሙያ ያማክሩ።