ሰባራው ድልድይና ገመድ ያዦቹ፦ ካንሰርን አብሮ ስለመሻገር

 ዛሬ ታሪክ እናወራለን። የምናወራው ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት አይደለም፤ በየቤታችን በሹክሹክታ ስለሚነሳ በሽታ፣ በሽተኛውን ይዘው ስላሻገሩትና ሳያሻግሩ ስለቀሩት ሰዎች ነው።

የሞጣ ልጆች «ሰባራ ድልድይ»ን ታውቁታላችሁ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን በአባይ ላይ በድንጋይ የተሠራ፣ ጎጃምን ከጎንደር በኩል ካለው አገር ጋር ያገናኝ የነበረ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አስርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ከወዲህ ማዶ ጥቂት ጎልማሶች፣ ከወዲያ ማዶ ሌሎች ጎልማሶች የገመዱን ጫፍና ጫፍ ይይዛሉ። ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ፣ ከታች አባይ እየጮኸ፣ በሰዎቹ ክንድ ተማምኖ ይሳባል። ገበያተኛውም፣ ዘመድ ጠያቂውም፣ በሽተኛውም እንዲሁ ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶ በመጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊ ኬን ፍራንዝ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶት መጣ፤ ከአገሬው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ ተጠገነ። ጥገናውን ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። ካንሰር ማለት ለብዙ የአገራችን ሰው የተሰበረ ድልድይ ነው። በአንዱ ማዶ «በሽታህ ይህ ነው» የሚለው ቃል አለ። በሌላው ማዶ ሕክምናው አለ። መካከሉ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ብቻውን የሚዘል ሰው የለም፤ ገመድ የሚይዝለት ያስፈልገዋል።

በሽታው አዲስ አይደለም

«ካንሰር የዘመኑ በሽታ ነው፣ ድሮ አልነበረም» ሲባል እንሰማለን። ስሙ ራሱ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። አባቶቻችን «ነቀርሳ» ይሉት ነበር። በዐረብኛ «ሰረጣን» ይባላል፤ ሸርጣን የሚባለው የውኃ እንስሳ ማለት ነው። ግሪኮችም ከዚያ በፊት በዚሁ እንስሳ ስም ጠርተውታል። እብጠቱ ዙሪያውን እንደ እግር የተዘረጉ ሥሮች ስለሚታዩበትና የያዘውን ስለማይለቅ ነው።

ታላቁ ሐኪም ኢብኑ ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ስለዚህ በሽታ በስፋት ጽፏል። ጨዋታው ሁሉ ጊዜ ላይ እንደሆነ ገብቶት ነበር፤ እብጠቱ ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት ተስፋ እንዳለው፣ ሲቆረጥም በዙሪያው ያለው ተጠርጎ መውጣት እንዳለበት አስተምሯል። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በአንደሉስ የኖረው የቀዶ ሕክምና አባት አዝ-ዘህራዊ ደግሞ፣ ገና በመጀመሪያው የተደረሰበትንና ሙሉ በሙሉ መውጣት የሚችለውን ማውጣት እንደሚቻል ጽፎ፣ የቆየውንና የሰፋውን ግን እሱም አድኖ እንደማያውቅ፣ ሌላ ያዳነም እንዳላየ በግልጽ ተናግሯል። የዘመኑ ቁንጮ ሐኪም «አልቻልኩም» ብሎ መጻፉ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ሺህ ዓመት አለፈው፤ የዛሬ ሐኪሞቻችንም የሚሉን ይህንኑ ነው፦ ቶሎ ኑ።

ከመድኃኒቱ ጎን የነበረው ሰው

የሙስሊሙ ዓለም የሕክምና ታሪክ ሲነሳ መጻሕፍቱን እንቆጥራለን፤ በሽተኛው እንዴት ይያዝ እንደነበር ግን እንረሳዋለን። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ.) በቆሰለ ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከቅርብ ሆነው እንዲጠይቁት በመስጂዱ ድንኳን ተተክሎለት ነበር። ቁስለኞችን ትንከባከብ የነበረችው ሩፈይዳ አል-አስለሚያ ስሟ ከዚያ ድንኳን ጋር ተያይዞ ይነሳል። ልብ እንበል፤ በሽተኛው የተቀመጠው ከሰው ተገልሎ አይደለም። ሰው ከሚሰበሰብበት መካከል ነው።

ዘመናት አልፈው ሱልጣን ቀላዉን በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ የመንሱሪን ቢማሪስታን አሠራ። ሀብታምም ድሃም፣ ወንድም ሴትም የሚታከምበት ሆስፒታል ነበር፤ ወጪው የሚሸፈነው ከወቅፍ ንብረት ገቢ ነው። አንድ በሽተኛ ድኖ ሲወጣ ወዲያው ሥራ እንዳይገባ ገንዘብ ይሰጠው እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እነዚያ ሰዎች ሕክምና ማለት መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ አውቀው ነበር። የታመመ ሰው ቤቱ ምን ይበላል? ሲወጣስ በምን ይቆማል? ይህን የሚጠይቅ ሥርዓት ሠርተው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ነበረበት፤ መሣሪያው በኮባልት-60 የሚሠራ ነው። ዶክተር ቦጋለ ሰሎሞንን የመሰሉ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች የአገሩን ሁሉ ካንሰር ታማሚ ተሸክመው ሠሩ። ለሃያ ዓመት ገደማ በመላ አገሪቱ ሌላ የጨረር ማዕከል አልነበረም።

ኮባልት ራሱ ያረጃል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኃይሉ ሲቀንስ ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ደቂቃ ይረዝማል፤ ደቂቃው ሲረዝም በቀን የሚታከመው ሰው ያንሳል። ወረፋው ግን በየቀኑ ይጨምራል። «ከብዙ ወራት በኋላ ና» የተባለ ሰው ስንሰማ ከጀርባው ይህ ሒሳብም እንደነበረበት እንወቅ።

አሁን ይህን ከእኛ አገር አንጻር እናስበው። ከሞጣ፣ ከደብረ ወርቅ፣ ከቢቸና የሚነሳ ሰው በደጀን አድርጎ፣ የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። የጥኖራም ያለው ገበሬ እንዲሁ። ቁልቁለቱና ዳገቱ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ጤነኛውን ያደክማሉ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ የአባይ ድልድይ መንገዱን አቃለለው። ነገር ግን የጨረር ሕክምና በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን እየተሰጠ ለሳምንታት ይዘልቃል፤ በየቀኑ የሚሰጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ የገጠሩ ሰው ትልቁ ጥያቄ «መድኃኒቱ ስንት ነው?» ብቻ አይደለም፤ «እነዚህን ሳምንታት የት አድራለሁ?» ነው። በሬውን ሸጦ የመጣ አባት ሕክምናውን ሳይጨርስ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ አልጋ ስላጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሳው ጦርነት መንገድ እየተዘጋ ቀጠሮ የሚያልፈው ሰው ጥቂት አይደለም። ካንሰር ቀጠሮ አያራዝምም።

ገመድ የያዙ ሰዎች

በዚህ ሁሉ መካከል ገመዱን ያነሱ ሰዎች ነበሩ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ሕፃን ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር አረፈ። ሐዘናቸውን ይዘው ቤት አልተቀመጡም፤ በ1996 ዓ.ም. በልጃቸው ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ከክፍለ አገር የሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያና ድጋፍ ካገኙባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ወላጆችም ተሰባስበው ተስፋ አዲስ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ሕፃናቱንና አስታማሚዎቻቸውን ያሳርፋሉ። ሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን የተባሉ ነርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሥርተው፣ መዳን ያልተቻለው ሰው ሕመሙ ታግሦለት፣ ክብሩ ተጠብቆ በቤቱ እንዲኖር ይሠራሉ። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ለእኛ ይናገራል፦ ትልቁ ሥራ የተጀመረው በሚኒስቴር ቢሮ ሳይሆን በአንድ ቤት ነው።

ሕክምናውም ቀስ በቀስ እየሰፋ ነው። ጥቁር አንበሳ ዘመናዊ የጨረር መሣሪያ አግኝቷል፤ ጅማም ጨረር ጀምሯል። ኬሞቴራፒ ለመውሰድ ዛሬ የግድ አባይን መሻገር አይጠበቅም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ይሰጣሉ። ለሞጣ ሰው ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በጣም ይቀርባል። ይህን የማያውቅ ብዙ ቤተሰብ አለና እንንገር።

እናቶቻችን

በአዲስ አበባ በ2004 ዓ.ም. የካንሰር ምዝገባ ሲጀመር የታየው አንድ ነገር ሊያስደነግጠን ይገባል። ከተመዘገቡት ታማሚዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው፤ ቀጥሎ የማሕፀን በር ካንሰር ይመጣል። ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው የሚታከሙ ናቸው። የማሕፀን በር ካንሰርማ ካንሰር ሳይሆን በፊት በቀላል ምርመራ ይታያል፤ ባለሙያዋ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብታ በዓይኗ ታየዋለች፣ የተለወጠ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ያኔውኑ ይታከማል። የጤና ሚኒስቴር ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች እንዲመረመሩ ይመክራል። በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል።

ታዲያ እናቶቻችን ለምን ዘግይተው ይደርሳሉ? እውነቱን እንነጋገር። ከየሰፈራችን አንዲት እናት እናስብ። ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች፤ አላመማትም። ያላመማት በመሆኑ ተወችው። ሲቆይ ለማን ትንገር? ለባሏ አፈረች፣ ለልጇ አፈረች። አንዱ «ምች ነው» አላት፣ ሌላው ቅጠል አሰረላት። ሩቅያ አስደረጉላት፤ ሩቅያው መልካም ነው፣ ዱዓው መልካም ነው፣ ግን ከሐኪም ቤት እንድትቀር ሰበብ መሆን አልነበረበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል፤ አላህ ለበሽታ መድኃኒት እንዳወረደም አስተምረውናል። እብጠቱ ሲቆስል ሆስፒታል ተወሰደች። ያኔ ቤተሰቡ ለእሷ እንዳይነገራት ተማከረ። እሷም ታውቅ ነበር፤ እነሱ እንዳይጨነቁ ብላ ዝም አለች። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉም ብቻውን አለቀሰ። ጎረቤቱም «ይተላለፋል» ብሎ ከስኒዋ ሸሸ። ካንሰር በስኒ፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ይህ ሽሽት ግን ከበሽታው እኩል ይገድላል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል። ዚያራ ግን አፍ ብቻ ይዞ መሄድ አይደለም። «እከሌም በዚሁ ሞተ» ማለት ዚያራ አይደለም። «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» ብሎ ሕመሙን ማቃለልም አይጠቅምም። ቁጭ ብሎ መስማት፣ ሲደክመው ቶሎ መነሳት፣ «ቀጠሮህ መቼ ነው? እኔ አብሬህ እሄዳለሁ» ማለት ዚያራ ነው።

ከተማ ያለን ወጣቶች የማናስተውለው አቅም አለን። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር፣ ለሁለት ሳምንት ፍራሽ ማካፈል እንችላለን። ወረፋ መያዝ፣ ካርድ ማውጣት፣ የሐኪሙን ወረቀት ማንበብ፣ ለገጠር አባት ትልቅ ተራራ ነው፤ ለእኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደም መስጠት እንችላለን፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ደም ሊያስፈልገው ይችላልና። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰበሰበው ጀመዓችንና እድራችን፣ ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከሚተክል በሕይወት ሳለ የመኪና ኪራይ ቢሸፍንስ? በየመስጂዳችን ለታማሚዎች ማረፊያ የሚሆን አንዲት ቤት ወቅፍ ብናደርግስ? የቀላዉን ወቅፍ ሥራ የጀመረው ሰው ስላሰበ ነው እንጂ ከሰማይ ወርዶ አይደለም።

አስታማሚዋንም አንርሳት። ሌሊቱን የማትተኛዋ እህት፣ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ፣ እነሱም ይደክማሉ። አንድ ሌሊት ተክተናቸው ብናድር ትልቅ ሶደቃ ነው። ረመዳን ሲመጣም በሽተኛውን «እንዴት ሳትጾም?» ብለን አናሳቅቀው፤ አላህ ለበሽተኛ ያገራለትን እኛ አናክብድበት፤ ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ።

መዳን ያልተቻለ ጊዜም ሥራችን አያልቅም። ሕመምን የሚያስታግስ መድኃኒት አለ፤ መጠየቅ መብት ነው። ሰው በሥቃይ መሞት የለበትም፤ ብቻውንም መሞት የለበትም።

በሰባራ ድልድይ ገመዱን ይስቡ የነበሩት ጎልማሶች መሐንዲስ አልነበሩም። ድልድዩን መጠገን አልቻሉም። ግን ድልድዩ እስኪጠገን አልጠበቁም፤ የመጣውን ሰው ሁሉ በክንዳቸው አሻገሩ። እኛም ሆስፒታል መሥራት ላንችል እንችላለን። በሰፈራችን አንድ የታመመ ሰው ግን እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ ስንጨርስ እንደውልለት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥ፣ የሞቱብንን ይማርልን፣ አስታማሚዎችን ያበርታ። አሚን።