ከጭድ ጭቃ እስከ ቡና ገለባ ዐመድ

ቀድሞ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ይባል በነበረው አገር፣ በመቱ፣ በጎሬና በበደሌ፣ ቤት ሠሪ እንጨቱን አቁሞ በማገር ካጠበቀ በኋላ አፈር ከጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን ይመርጋል። ጭቃው በእግር እየተረገጠ ጥቂት ቀን ይቆያል፤ ጭዱም ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። እህሉ ለጎተራ፣ ትርፉ ለግድግዳ መዋሉ ነው። እኛ ግን ይህን ጥበብ የድህነት ምልክት ብቻ አድርገን ስንመለከተው ኖረናል።

በ1824 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ፖርትላንድ ሲሚንቶን በስሙ አስመዘገበ። በአገራችንም ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በኋላ በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተተከለ፤ የሙገር ፋብሪካም በ1970ዎቹ ተከተለ። ሁለቱም ከመቱ እጅግ የራቁ ናቸው፤ ስለዚህ የኢሉባቦር ሰው ሲሚንቶ ሲገዛ የመንገዱንም ዋጋ አብሮ ይከፍላል።

በአንጻሩ በአገሩ የሞላው ቡና ነው። የጎሬ ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ከዚያ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ጀንፈል ሲፈለፈል ከክብደቱ ግማሽ የሚያህለው ገለባ ሆኖ ይቀራል። ፍሬው ባሕር ሲሻገር ገለባው በመፈልፈያው ደጃፍ ይከመራል፤ አለዚያም ይቃጠላል። ይህን ዐመድ ከሲሚንቶ ጋር ብንደባልቀውስ?

ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ሮማውያን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የእሳተ ገሞራ ዐመድ ከኖራ ጋር አዋሕደው ጠንካራ ግንብ ሠርተዋል። ምሥጢሩ በዐመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ተጣምሮ እንደ ድንጋይ መጽናቱ ነው። በእኛም አገር በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ተጨምቆ የቀረው የሸንኮራ አገዳ ዐመድ ከሲሚንቶው እስከ 10 በመቶ ቢተካ የኮንክሪቱ ጥንካሬ እንደማይጎዳ አሳይቷል።

ነገር ግን ዐመድ ሁሉ አንድ አይደለም። የሩዝ ገለባ ዐመድ በሲሊካ የበለጸገ ሲሆን፣ የቡና ገለባ ዐመድ ግን በፖታሲየም የበዛ፣ በሲሊካ ያነሰ ነው። ሲበዛ የሲሚንቶውን አያያዝ ያውካል፤ ከአንዳንድ ጠጠር ጋርም ተዋሕዶ ኮንክሪቱን ከጊዜ በኋላ ሊሰነጥቅ ይችላል። ያልተቃጠለው ገለባም በውስጡ ያለው ስኳር ሲሚንቶው እንዳይጠነክር ያዘገየዋል።

እንግዲህ አባቶቻችን ጭዱን ከጭቃው ያዋሐዱት በዘፈቀደ አልነበረም፤ በብዙ ትውልድ ፈትነው ነው። እኛም ዐመዱን ለመጣልም፣ ሳንመዝን ለመደባለቅም አንቸኩል። የመቱ መምህራንና ተማሪዎች በደጃቸው ካለው ክምር ጥቂት ወስደው በጥንቃቄ አቃጥለው፣ በልዩ ልዩ መጠን ደባልቀው፣ ጥንካሬውን በ28ኛው ቀንም፣ ከዓመት በኋላም ቢፈትኑት፣ ለአገራቸው ታላቅ ውለታ ይሆናል። የተሳሳተ ግድግዳ ሲፈርስ የሚያገኘው ጥናቱን የጻፈውን ሳይሆን፣ ከሥሩ የተቀመጠውን ሕፃን ነውና።