ክብር በአዋጅ፣ ቁጥጥር በምክር ቤት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2018 በኤድንብራ የተሰበሰበው የስኮትላንድ ፓርላማ አንድ አዋጅ ያለ ተቃውሞ አጸደቀ። በነጻነት ጥያቄ ምክንያት ለዓመታት ዓይንና ናጫ ሆነው የቆዩ ፓርቲዎች የማኅበራዊ ዋስትና አዋጁን በአንድ ድምፅ ደገፉ። አዋጁ በመጀመሪያው አንቀጹ ማኅበራዊ ዋስትና ሰብዓዊ መብት መሆኑን ደነገገ። ተጠቃሚዎችም በክብር እንዲስተናገዱ አዘዘ።

ወደዚያ ቀን ያደረሰው መንገድ ረጅም ነበር። በ1707 የተዘጋው የስኮትላንድ ፓርላማ በ1999 ዳግም ሲከፈት ትምህርትንና ጤናን ተረከበ፤ የማኅበራዊ ዋስትና ሥልጣን ግን ለንደን ቀረ። በሴፕቴምበር 2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 55 በመቶው መራጭ ከብሪታንያ ጋር መቆየትን መረጠ። በማግስቱ በሎርድ ስሚዝ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመና ለኤድንብራ ተጨማሪ ሥልጣን እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። የ2016ቱ የስኮትላንድ አዋጅም የአካል ጉዳተኞች፣ የአስታማሚዎች፣ የቀብርና የክረምት ማሞቂያ ክፍያዎችን ጨምሮ 11 ድጎማዎችን አዛወረ።

እዚህ ላይ ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚያሰኝ አደጋ ተደቀነ። ለንደን ውስጥ ከ1980 ጀምሮ የሚኒስትሮችን ረቂቅ ደንቦች የሚመረምር ገለልተኛ አማካሪ ኮሚቴ ነበር። ይህ ኮሚቴ ወደ ስኮትላንድ በተዛወሩት ክፍያዎች ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ስኮትላንድ ክፍያውን ስትረከብ መርማሪውን ልታጣ ነበር። በጁን 2017 የቀረበው የማኅበራዊ ዋስትና ረቂቅ አዋጅም ክፍተቱን የሚሞላ አካል አላቋቋመም። ረቂቁን የመረመረው የፓርላማው ኮሚቴ ገለልተኛ መርማሪ አካል በሕግ እንዲቋቋም አሳሰበ፤ መንግሥትም ተቀበለ። የስኮትላንድ የማኅበራዊ ዋስትና ኮሚሽን እንዲህ ተወለደ፤ በ2019ም ሥራ ጀመረ።

የኮሚሽኑ ጥቅም የሚታየው የፓርላማውን አሠራር ሲያዩት ነው። አዋጁ መርሆችን ያስቀምጣል፤ ለማን፣ ስንት፣ በምን መስፈርት እንደሚከፈል የሚወስኑት ግን በአብዛኛው ሚኒስትሮች የሚያወጧቸው ደንቦች ናቸው። እንደራሴዎች የቀረበላቸውን ደንብ ማጽደቅ ወይም መጣል እንጂ ማሻሻል አይችሉም። መጣል ደግሞ የችግረኛውን ክፍያ ማዘግየት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስህተቱ ደንቡ ገና ረቂቅ ሳለ መታረም አለበት። ኮሚሽኑ ረቂቁን ከአዋጁ መርሆችና ከሰብዓዊ መብት አንጻር መርምሮ ለሚኒስትሩም ለፓርላማውም ሪፖርት ያቀርባል። ሚኒስትሩም ለሪፖርቱ ምን ምላሽ እንደሰጠ ለፓርላማው ያስረዳል።

ሌሎች የቁጥጥር መንገዶችም አሉ። ተጠቃሚዎች ክፍያውን ከሚፈጽመው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚጠብቁ የሚዘረዝረው ቻርተር የድጎማውን ውጣ ውረድ በኑሯቸው ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተዘጋጅቶ በ2019 በፓርላማው ጸደቀ። ሚኒስትሮች በየዓመቱ የአፈጻጸም ሪፖርት ያቀርባሉ። ዋና ኦዲተሩ ሒሳቡን ይመረምራል፤ የፊስካል ኮሚሽኑ የወደፊቱን ወጪ ይተነብያል። አዋጁ የአካል ጉዳተኞች የጤና ምርመራ ለግል ኩባንያዎች እንዳይሰጥም ከልክሏል።

የቁጥጥሩ ፈተና ገንዘቡ ሲበዛ ከበደ። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በ2021 በሳምንት 10 ፓውንድ ሆኖ የተጀመረው የስኮትላንድ የሕፃናት ክፍያ በኤፕሪል 2022 ወደ 20 ፓውንድ አደገ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 25 ፓውንድ ሆኖ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን የእነዚህን ቤተሰቦች ልጆች አቀፈ። ይህ ክፍያ በተቀረው ብሪታንያ የለም፤ ስለዚህ ወጪውን ስኮትላንድ ከራሷ በጀት ትሸፍነዋለች። ኦዲተሮችም ከለንደን በሚመጣው ገንዘብና በወጪው መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ መሆኑን ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። እንደራሴዎች ደሃውን ከቢሮክራሲ በደል ብቻ ሳይሆን በጀት ሲጠብብ ከሚመጣ ድንገተኛ ቅነሳም መጠበቅ አለባቸው።

የስኮትላንድ ታሪክ ለማንኛውም ሥልጣን የሚያከፋፍል አገር ግልጽ ትምህርት አለው። ከማዕከል ወደ ክልል ሥልጣን ሲወርድ ሥልጣኑን የሚቆጣጠረው ተቋም አብሮት መውረድ አለበት። በአዋጅ የተጻፈ ክብር ጠያቂ ከሌለው ለአቅመ ደካማው አይደርስም።