ቱ ፎር ዲ፣ ሙጃ እና ፌኖል በሊታው ፈንገስ

አርሲ ውስጥ ፈንገስ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ዋግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን፣ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉን ባጠፋበት ገበሬ ፊት "ፈንገስ እኮ ይጠቅማል" ማለት ድፍረት ይጠይቃል። እንግዲህ እኔ ልደፍር ነው።

ነገሩ ከካዱ ይጀምራል። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ መጣ፤ ምርቱም ጨመረ። ባለመሬቱ ትርፉን ሲያይ ትራክተር አስገባ፣ ጭሰኛውን አባረረ። ጭሰኛው እፎይ ያለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። (ሁለቱን 1967ዎች አታምታቷቸው፤ በመካከላቸው ሰባት ዓመት ተኩል አለ።)

መሬቱ ባለቤት ቢቀይርም ከሄጦሳ እስከ ዶዶታና ሲሬ ስንዴ በስንዴ ላይ መዘራቱ ቀጠለ። አረሙን በእጅ መጨረስ ያልቻለ ገበሬ መርጫውን አዘለ፤ ውስጡ ብዙ ጊዜ ቱ ፎር ዲ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠራ መድኃኒት ቅጠለ ሰፊውን አረም ገድሎ ስንዴውን ይምራል። ችግሩ ሙጃንና ሲናርንም ይምራል። ተወዳዳሪ ያጣው ሙጃ ማሳውን ወረሰዋ!

ሌላም ጣጣ አለ። ቱ ፎር ዲ የሚሠራው ከዳይክሎሮፌኖል ነው፤ አፈር ውስጥ ሲፈርስም መጀመሪያ ወደዚያው ይመለሳል። ማሳ ላይ የተረጨውን የአፈር ተሕዋስያን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይጨርሱታል። መርጫው ወንዝ ዳር ሲታጠብ ግን መርዙ የሚደርሰው ውሃው ውስጥ ላለው ፍጥረት ነው።

እዚህ ላይ ነው ፈንገስ የሚገባው። እንጨት ጠንካራ የሚሆነው በሊግኒን ነው፤ ሊግኒን ደግሞ የፌኖል ዘመዶች ግንብ ነው። ይህን ግንብ ማፍረስ የሚያውቅ ፈንገስ ለፌኖል መርዝም አያንስም። ፋኔሮኬቴ ክሪሶስፖሪየም የተባለው እንጨት አበስባሽ ዳይክሎሮፌኖልን ክሎሪኑን ነቅሎ እንደሚያፈርሰው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 ታይቷል። ቻይናውያን ደግሞ ተክል ውስጥ ተቀምጦ ተክሉን ሳያሳምም የሚኖር ፎሞፕሲስ ሊኩዊዳምባሪ የሚባል ፈንገስ አግኝተዋል። እሱም አንድ ሰብል በተደጋገመበት አፈር የሚጠራቀሙትን የፌኖል አሲዶች ይበላል። እነሱ የሞከሩት በኦቾሎኒ ማሳ ነው፤ ክሎሪን የተሸከመውን ፌኖል ማፍረስ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ነው።

ለእኔ ከፈንገሱ በፊት ቀላሉ ዘዴ ስንዴን በባቄላ ማፈራረቅ ነው። ብቻ ባቄላ ራሱ ቅጠለ ሰፊ ስለሆነ ከጎረቤት ማሳ በነፋስ የመጣ ቱ ፎር ዲ ያቃጥለዋል።