የግዞት ደሴት፣ የዕረፍት ደሴት

በዕረፍት ጊዜ ወደ ደሴት መሄድ በዓለም ላይ እጅግ የተለመደ ነገር ሆኖአል። ከደሴቶችም ሁሉ ስማቸው የገነነው በካሪቢያን ባሕር ያሉት፣ ማለት ጃማይካ፣ ሃይቲ፣ ትሪኒዳድ፣ ባርባዶስ፣ ማርቲኒክና እነርሱን የመሰሉት ናቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሠራ ለመንገደኞች የተጻፉት መጻሕፍት በዝርዝር ይነግሩናል። ይዋኛል፤ በአሸዋ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፤ መነጽር አድርጎ በውኃ ውስጥ ያለውን ኮራልና ዓሣ ይመለከታል፤ በጀልባ ይዞራል፤ ማታ ሙዚቃ ይሰማል፤ አሮጌ ምሽግ ይጐበኛል። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ምንም ሳይሠራ ይውላል፤ ዋናው ቁም ነገርም ይኸው ይመስላል።

እኔ የዋሂል ልጅ ነኝ። አሸዋማ ወንዞቻችን የሚሞሉት ዝናም ሲጥል ብቻ ስለ ሆነ፣ ደሴት ማለት ለእኛ «ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት» ተብሎ በጂኦግራፊ ትምህርት የሚጠና ቃል ነው። ነገር ግን ታሪክ ስንማር አንድ ነገር አስተዋልሁ። ዛሬ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከሚሄድባቸው ደሴቶች ብዙዎቹ ትናንት ሰው ያለ ፈቃዱ የሚወሰድባቸው ነበሩ። ከተወሰዱትም መካከል የአገራችን ሰዎች ይገኛሉ። ስለዚህ ለዚህ የትምህርት ቤታችን መጽሔት ስለ እነርሱ ጥቂት መጻፍ ፈለግሁ። በውጭ አገር የሆነውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር (ዓ.ም.) አስፍሬአለሁ።

በመጀመሪያ ከዚያው ከካሪቢያን እንነሣ። ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ የደሴቶቹ ነባር ሕዝብ በበሽታና በግፍ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል። በእርሱ ፈንታ ከአፍሪካ በመርከብ ታጭቀው የመጡ ሰዎች በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት እንዲሠሩ ተደረገ። ዛሬ ጎብኚው ፎቶግራፍ የሚያነሣው፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ያማረ የእርሻ ጌታ ቤት የቆመው በእነዚህ ሰዎች ላብ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት በግዛቶቹ ባርነትን ያስቀረበት ሕግ የጸናው በ1834 ሲሆን፣ ሙሉው ነፃነት የተገኘው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው። የሃይቲ ሰዎች ግን ይህን ያህል አልጠበቁም። ተነሥተው የናፖሌዎንን ጦር ድል መቱና በጥር 1 ቀን 1804 እ.ኤ.አ. ነፃነታቸውን ዐወጁ። ፈረንሳዮች ተመልሰው እንዳይመጡ ሲሉም በተራራ ጫፍ ላይ ላፌሪዬር የተባለውን ታላቅ ምሽግ ሠሩ። ያንን አቀበት የሚወጣ ጎብኚ የሚያየው መድፍ ለጌጥ የተቀመጠ እንዳልነበረ ሊያውቅ ይገባል።

አንድ ነገር በዚህ ላይ ልጨምር። በጃማይካ ለጎብኚዎች ከሚታዩት ነገሮች አንዱ በሰማያዊ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ቡና ነው። ቡና ወደዚያ ደሴት የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ደ ክሊዩ የተባለ የፈረንሳይ መኰንን ወደ ማርቲኒክ ችግኝ ወስዶ ነበር። የቡና የትውልድ አገሩ የት እንደ ሆነ ለሐረርጌ ልጆች ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከእኛ አካባቢ ተነሥቶ በዚያ ሁሉ ባሕር ዞሮ ለቱሪስት መስሕብ የሆነው እርሱ ነው፤ ከሰው ይልቅ ተክል ብዙ አገር ያያል ማለት ነው።

ካሪቢያንና ኢትዮጵያ በሌላም ነገር ይተዋወቃሉ። ገና ድሬዳዋ ሳትቆረቆር፣ ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሃይቲ ሰው በ1897 እ.ኤ.አ. ወደ ዳግማዊ ምኒልክ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው በ1900 እ.ኤ.አ. በለንደን በተደረገው የመላው አፍሪካ ጉባኤ ላይ በምኒልክ ስም ተገኝቶአል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ትሪኒዳድን፣ ጃማይካንና ሃይቲን ጐብኝተዋል። በትሪኒዳድ የተቀበሏቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሪክ ዊልያምስ ራሳቸው የታሪክ ሊቅ ነበሩ፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍም የስኳርንና የባርነትን ነገር የሚመረምር ነው። ሚያዝያ 13 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ኪንግስተን ሲደርሱ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ ከመቶ ሺህ ይበልጥ እንደ ነበረ ይነገራል። ሕዝቡ ጠባቂዎችን ጥሶ አውሮፕላኑን ስለ ከበበው፣ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስተፈሪያውያን ሽማግሌ መንገድ እስኪያስከፍት ድረስ ንጉሠ ነገሥቱ መውረድ አልቻሉም። ከዚህ ቀደም ደሴቲቱ እንግዳ ሳታይ ቀርታ አይደለም፤ በየዓመቱ ብዙ ሰው ለመዝናናት ይመጣባታል። ያን ቀን የወጣው ሕዝብ ግን እንግዳ ሊያስተናግድ አልነበረም። አያት ቅድመ አያቶቹ በግድ ከተወሰዱበት ክፍለ ዓለም የመጣ ንጉሥ ሊያይ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እመለሳለሁ።

በእንግሊዝ አገር በስተ ደቡብ ዋይት የምትባል ደሴት አለች። ንግሥት ቪክቶሪያ በበጋ የሚያርፉበት ኦዝቦርን የተባለው ቤት በዚያ ይገኛል። ንግሥቲቱ ወደ ባሕር የሚገቡበት፣ መንኰራኩር ያለው የመታጠቢያ ጋሪ ሳይቀር እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የተወሰደው ወደዚህች ደሴት ነው። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞተው በጨለቆት ተቀበሩ። ካፒቴን ስፒዲ የተባለው ሞግዚቱ በደሴቲቱ ላይ አስቀመጠው፤ ንግሥቲቱም በኦዝቦርን ተቀብለው አነጋገሩት። በዚያ ወራት የተነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ። ሌሎች ልጆች ከእናት ከአባታቸው ጋር ለዕረፍት መጥተው በአሸዋ በሚጫወቱበት አገር፣ ይህ ልጅ በባዕድ ሰው እጅ ሆኖ ያንኑ ባሕር ያይ ነበር። ንግሥቲቱ ይወዱት እንደ ነበር አይካድም፤ ደስታም እንደ ነሡት አይባልም። ግን ወደ አገሩ አልመለሱትም። ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. በሊድስ ከተማ ዐረፈ። ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነበር፤ የእኔና የክፍል ጓደኞቼ ዕድሜ ማለት ነው። የተቀበረው በዊንድዘር ሲሆን፣ ዐጽሙ ይመለስ ዘንድ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም እስካሁን አልተፈቀደም።

ሁለተኛው ታሪክ የጣሊያን ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የደረሰውን እልቂት ሁላችንም ተምረናል። ከእልቂቱ የተረፉት መኳንንትና ወይዛዝርት፣ ሕፃናት ጭምር፣ በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሆነው በመርከብ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ብዙዎቹ የተቀመጡት በሰርዴኛ ጫፍ ባለች አዚናራ በተባለች ደሴት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅም ከልጆቻቸው ጋር ከተጋዙት አንዷ ነበሩ፤ በ1940 እ.ኤ.አ. በቱሪን ከተማ በግዞት እንዳሉ ዐረፉ። አዚናራ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ወህኒ ቤት ነበረች። በ1997 እ.ኤ.አ. ግን ብሔራዊ ፓርክ ተደረገች። አሁን ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለመዋኘት፣ በብስክሌት ለመዞርና በደሴቲቱ የሚገኙትን ነጫጭ አህዮች ፎቶግራፍ ለማንሣት ነው። አህዮቹ በእውነት የሚያምሩ ናቸው ይባላል። እኔ ዕድል ቢያጋጥመኝ ግን በመጀመሪያ የምጠይቀው የኢትዮጵያውያኑ ማረፊያ የት እንደ ነበረ ነው።

ከሮማ ብዙ የማይርቅ ፖንዛ የሚባል ሌላ ደሴትም አለ፤ የሮማ ሰዎች በበጋ ቅዳሜና እሑድን የሚያሳልፉበት ነው። ልዑል ራስ እምሩ በምዕራብ ኢትዮጵያ ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ከተያዙ በኋላ፣ የታሰሩት በዚህ ደሴት ነበር። በሐምሌ 1943 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ተሽሮ በተያዘ ጊዜ ደግሞ፣ ወታደሮቹ አምጥተው ያስቀመጡት በዚያው በፖንዛ፣ ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረው በነበሩበት ቤት ነው። ሙሶሊኒ ስድሳ ዓመት የሞላበትን ቀን ያሳለፈው እዚያ ነው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ሰው ለማስደሰት የፈጠረው ተረት መስሎኝ ነበር፤ ሆኖም በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ራስ እምሩ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ አገራቸው ገብተዋል።

ይህን ሁሉ በአውሮፓ ካየን ዘንድ በቀይ ባሕር ያለውን መዝለል አይገባም። በምጽዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ ይበልጣሉ። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ፣ የደሴቶቹ ሰዎች የኤሊ ድንጋይ ወደ አዱሊስ ገበያ ያመጡ እንደ ነበር ይናገራል። በ702 እ.ኤ.አ. ዐረቦች ያዟቸውና የኡመያድ ኸሊፋዎች የተጣሏቸውን ሰዎች የሚያግዙባቸው ሆኑ፤ አል-አሕወስ የተባለው የመዲና ባለቅኔ እንኳ ወደዚያ ተግዞአል። በታላቁ ዳህላክ ላይ በኩፊ ፊደል የተቀረጹ ብዙ የመቃብር ድንጋዮችና ከዐለት የተፈለፈሉ የዝናም ውኃ ማጠራቀሚያዎች ይገኛሉ። ጠላቂዎች ሉል ፍለጋ ወደ ባሕሩ ወለል ይወርዱ ነበር፤ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ለእንጀራ ሲሉ ነው እንጂ ለጨዋታ አልነበረም። በ1887 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ኖክራ በተባለችው ደሴት ላይ እስር ቤት አቆሙ። የቅኝ አገዛዙን የተቃወሙ ሰዎች በዚያ በሚያነድ ሙቀት ድንጋይ ይፈልጡ ነበር። እስር ቤቱ የተዘጋው እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. ሲገቡ ነው።

ምጽዋ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ዘመን ሰው ከአስመራ እየወረደ በጉርጉሱም ዳርቻ ይዋኝ ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ እነዚህ ደሴቶች የጎረቤት አገር ደሴቶች ናቸው። የእኛ የቀሩት በሐይቅ ላይ ያሉት ናቸው። ከእነርሱም ታላላቆቹ በጣና ያሉት ሲሆኑ፣ ነገራቸው ከላይ ከተነገረው ሁሉ ይለያል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የገቡት መነኰሳት ማንም አላጋዛቸውም፤ በፈቃዳቸው ከዓለም ተለይተው ገቡ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲለደስን የመሳሰሉ ነገሥታት ዐፅም በዚያ አለ። ሴቶች ወደዚያ እንዲገቡ ስለማይፈቀድ እኅቶቻችን በሌሎቹ ገዳማት ይወሰናሉ። ደንገል ታንኳው ላይ መውጣት ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው።

ለድሬዳዋ ሰው ከሁሉ የቀረበችው ደሴት ሙሻ ናት። ከዚህ እስከ ጅቡቲ በአሮጌው ሐዲድ ሦስት መቶ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ጀምሮአል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ ሙሻና ወደ ጎረቤቷ ወደ ማስካሊ በጀልባ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በካሪቢያን የሚሠራው ሁሉ በዚያም ይሠራል፤ ኮራሉ አለ፣ ዓሣው አለ፣ በጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ ሰውን ስለማይነካ ዋናተኞች በአጠገቡ ይዋኛሉ። ታሪክ የሚወድም በባዶ አይመለስም። በ1840 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የባሕር መኰንን ሞርስቢ ሙሻን ከታጁራ ሱልጣን የገዛት በዐሥር ጆንያ ሩዝ ነው። እንግሊዞች ምንም ሳይሠሩባት ከቆዩ በኋላ ለፈረንሳዮች ለቀቁላቸው።

ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሰው ግን ሰኔና ሐምሌን ይተው። በእነዚያ ወራት በጅቡቲ የሚነፍሰው የጋለ ነፋስ ከአርባ ዲግሪ በላይ ሙቀት ያመጣል፤ የጅቡቲ ቤተሰቦች ራሳቸው ልጆቻቸውን ይዘው ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ይወጣሉ፤ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ እናያቸዋለን።