የአንደራቻ ነዋሪ ከ1890 ዓ.ም. ጥፋት በኋላ

ከጎጀብ ወንዝ በስተ ደቡብ የነበረው የከፋ መንግሥት «ታቶ» በሚባሉ ነገሥታቱ ሲተዳደር ሁለት ታላላቅ ከተሞች ነበሩት። ቦንጋ በገበያዋ የታወቀች ነበረች፤ ፈረንሳዊው መንገደኛ አንትዋን ዳባዲ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1843 ደርሶባታል። አንደራቻ ደግሞ የታቶው ቤተ መንግሥት የቆመባት፣ «ምክሬቾ» የሚባሉት ሰባቱ አማካሪዎች የሚሰበሰቡባት ነበረች። ስለዚህ የአንደራቻ ሰው ኑሮው፣ ማዕርጉና መተዳደሪያው ከቤተ መንግሥቱ ጋራ የተሳሰረ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ ዘመቱ። አገሩ በጥልቅ ጉድጓድና በኬላ የተጠበቀ ቢሆንም ብዙ ጠመንጃ የያዘውን ጦር ሊመልስ አልቻለም። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወደ ጫካ ሸሽተው ለወራት ሲዋጉ፣ ዘማቹ አገሩን በእሳትና በዝርፊያ አስጨነቀው። ታቶው በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተያዙ፤ ከዚያም በግዞት ኖረው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1919 ዐረፉ።

ጦርነቱ ያለቀው በዚያ ቀን ነው፤ የከተማው ሰው መከራ ግን ከዚያ በኋላ ረዘመ። ታቶው ከተያዙ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለፈው ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪች፣ ወደ አንደራቻ ሲቃረብ የጦርነቱ ምልክት እየበዛ እንደ ሄደና በከተማዪቱ አጠገብ ያለው ሜዳ በሰው አጥንት ተሸፍኖ እንዳገኘው ጽፏል። ይህ ሰው የራስ ወልደ ጊዮርጊስ እንግዳ ስለ ነበረ ድል አድራጊውን ለማሳጣት የሚጽፍ አልነበረም፤ ምስክርነቱ የሚከብደውም በዚህ ነው።

ከጫካ ለሚመለስ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ምግብ ነው። የከፋ ሰው ዋና ምግብ እንሰት ነው። በጉድጓድ የተቀበረ ቆጮ ከቤት ጋራ አይቃጠልም፤ ነገር ግን የተቆረጠ እንሰት እንደገና ተተክሎ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ጎተራው የተቃጠለበት ገበሬ በአንድ መኸር ሊያገግም ይችል ይሆናል፤ እንሰቱ የጠፋበት ግን ብዙ ዓመት መታገሥ ግድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሰውየው ቦታ ነው። ቤቱን መልሶ ቢሠራ እንኳ ያገለግለው የነበረው ቤተ መንግሥት የለም፤ ምክሬቾዎቹም ሥልጣናቸውን አጥተዋል። ከምርኮ ያመለጠው ሰው ለዘማቹ ወታደር ገባር ሆነ፤ ያላመለጠው በባርነት ወደ ሌላ አገር ተነዳ። የትናንቱ የንጉሥ ከተማ ሰው በገዛ መሬቱ ላይ ግብርና አገልግሎት የሚጠየቅበት ሆነ ማለት ነው።

በአውሮጳ አቆጣጠር በ1905 ወደ ከፋ የደረሰው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ያገኘው ከጥፋቱ የተረፈውን ሕዝብ ነው። ስለ ከፋ በጀርመንኛ ያሳተማቸው ሁለት ቅጾች ከ1920 ጀምሮ የወጡ ሲሆን፣ ስለ ቀድሞው ሥርዓት ብዙ የሚነግሩት ሥርዓቱን ያዩ ሽማግሎች ገና በሕይወት ስለ ነበሩ ነው። የተተወው እርሻ በጫካ ሲዋጥ የሽማግሎቹ ትዝታ ግን ቀረ።

ከሁለቱ ከተሞች መካከል ሥልጣኑ ወደ ቦንጋ ዞረ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለች፤ አንደራቻ ግን የቀድሞ ክብሯን አላገኘችም። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድ ከተማ ጥፋት የሚለካው በተቃጠለው ቤት ብዛት ብቻ አይደለም፤ የተረፈው ሰው ወደ ምን ዓይነት ማዕርግ ተመለሰ ተብሎ መመርመር አለበት። የዘማቾቹ ዜና መዋዕል ስለዚህ ብዙ አይናገርም፤ በከፋ ቤቶች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቃል ግን ይናገራል። ከጽሑፉ ጋራ ተስተያይቶ ሊመዘገብ የሚገባውም ይኸው ነው።